ቁልፉ በማን እጅ ነው? የአነስተኛ ሶላር ኩባንያዎች ዲጂታል ሽግግርና የድርጅት ባህል በኢትዮጵያ

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቆ በሚገኝ የገጠር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ትንሽ የሶላር ሣጥን፣ ባትሪዋ ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ፓኔልም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ ምሽት ላይ ልትጠፋ ትችላለች። ብልሽት የለባትም። የጠፋችው ክፍያው በቀነ ገደቡ ስላልገባ ነው፤ አልያም ገብቶ ሳለ በኩባንያው መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ነው። ቤተሰቡ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው መብራቱ መጥፋቱንና ልጆቹ ወደ ኩራዝ መመለሳቸውን ብቻ ነው።

ይህ አሠራር «እየተጠቀሙ መክፈል» ይባላል። ደንበኛው ጥቂት ቅድሚያ ከፍሎ ዕቃውን ይወስዳል፤ ቀሪውን በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በሞባይል ገንዘብ ይከፍላል፤ በከፈለ ቁጥር ሣጥኗን ለተወሰኑ ቀናት የሚከፍት ኮድ በአጭር መልእክት ይደርሰዋል፣ ወይም ኩባንያው ራሱ በርቀት ይከፍትለታል። ዋጋው ተጠናቆ ሲያልቅ ዕቃው ለዘለቄታው ይከፈታል። የሚያስይዘው ንብረት ለሌለው ገበሬ የባንክ ብድር በማይታሰብበት አገር፣ ቁልፉ የመያዣውን ቦታ ይተካል። ስለዚህ ክርክሩ ቁልፉ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ያለ ቁልፉ ብድሩ፣ ያለ ብድሩም መብራቱ አይኖርም። ክርክሩ በኩባንያው ውስጥ «ይከፈት» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የማን ነው፣ ትእዛዙስ በስንት ሰዓት ውስጥ ይፈጸማል የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሶፍትዌሩ ሳይሆን የድርጅቱ ባህል ነው። የለጋሾችና የአበዳሪዎች ዓይን ግን የሚያርፈው በሶፍትዌሩ ላይ ነው።

ዘግይቶ መጣ፣ በችኮላ ገባ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገችው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ለመላው ሕዝብ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ያለመ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ ባሉ አማራጮች፣ ማለትም በቤት ሶላርና በሚኒ ግሪድ። ቀነ ገደቡ ደርሷል፤ ነገር ግን እጅግ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አሁንም ያለ ኤሌክትሪክ ይኖራል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ለአገሪቱ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት 500 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀው ለዚሁ ዓላማ ነው። ከመስመር ውጭ የሚለውን ድርሻ መንደር ለመንደር ተዘዋውረው እንዲያደርሱ የሚጠበቁት ግን በአብዛኛው አነስተኛ የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ ዕቃ አስመጪነትን፣ ቸርቻሪነትን፣ ጥገናንና አበዳሪነትን በአንድ ጣሪያ ሥር የያዙ።

እነዚህ ኩባንያዎች ዲጂታሉን ዓለም የተቀላቀሉት ከጎረቤቶቻቸው ዘግይተው ነው። በኬንያ ኤም-ፔሳ የተጀመረው በ2007 ነው፤ የኬንያ ሶላር ሻጮች እየተጠቀሙ መክፈልን በስፋት የጀመሩት ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሕዝቡ በስልክ ገንዘብ መላክን እንደ ዕለታዊ ነገር ከተላመደ ወዲህ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2023 ነው። በካርቦን የሚገለበጥ ደረሰኝ ሲቆርጥ የኖረ ድርጅት በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የርቀት መቆለፊያ፣ የደንበኛ ዳታቤዝና የቀጥታ የክፍያ ትስስር ባለቤት እንዲሆን ተጠየቀ። ቴክኖሎጂው ያን ያህል ቶሎ ሊገባ ይችላል። ሰው ከሰው ጋር የሚሠራበት ልማድ ግን በዚያ ፍጥነት አይለወጥም።

ሦስት መዝገቦች

የአንድ እንዲህ ያለ ኩባንያ ውስጣዊ ገጽታ ለምሳሌ ይህን ይመስላል። ሃያ ያህል ሠራተኞች አሉት። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ ነው፤ ዕቃ የሚያስመጣውም፣ ከባንክ ጋር የሚነጋገረውም፣ ቼክ የሚፈርመውም እሱ ነው። ገንዘብ ያዧ ለዓመታት የኖረ ወፍራም መዝገብ አላት፤ የምታምነውም እሱን ነው። በየወረዳው የተሰማሩ ወኪሎች በሸጡት ልክ ኮሚሽን ይከፈላቸዋል። በመጨረሻም አንድ ወጣት አለ፤ ሁሉም «ሲስተሙን የሚያውቀው ልጅ» ይሉታል። ሶፍትዌሩ ከውጭ በተገኘ ድጋፍ ሲገዛ የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰደው እሱ ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ድርጅቱ ሦስት መዝገቦች ይኖሩታል፦ የወረቀቱ፣ የኤክሴሉና የሶፍትዌሩ። ሦስቱ አይስማሙም። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚወስነው ባለቤቱ ጠዋት ቢሮ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «ትናንት ስንት ሸጥን?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሳምንት ጊዜ ውስጥ የሚፈለገው የሽያጭ ቁጥር መሆኑን ይረዳል። ዘግይቶ ስለሚከፍለው፣ ስለተቆለፈው፣ በስልክ ስለጮኸው ደንበኛ የሚናገር አይኖርም። «ትናንት ስንት ሰው በስህተት ቆለፍን?» ብሎ የሚጠይቅ ባለቤት ግን ሶፍትዌሩ ባይቀየርም ሌላ ኩባንያ አለው።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለው የቆየ ጠባይ ዋጋ ያስከፍላል። ሶፍትዌሩ ውዝፍ ዕዳውን በቀይ ቀለም ያሳያል፤ ወኪሉ ያንን ቀይ መስመር ሊያስረዳ የሚችል ብቸኛ ሰው ነው፤ ሆኖም በስብሰባ ላይ ከአለቃው ፊት «ያን ቤተሰብ መክፈል እንደማይችል እያወቅሁ ነው የሸጥሁለት» አይልም። ኮሚሽኑን ተቀብሎበታልና። ገንዘብ ያዧም የባለቤቱ ዘመድ ያለ ቅድመ ክፍያ ዕቃ እንደወሰደ እያወቀች አትናገርም። እንዲህ ያለው ዝምታ በወረቀት ዘመንም ነበር። ልዩነቱ፣ በወረቀት ዘመን የዝምታው ውጤት የባለቤቱ ኪሳራ ነበር፤ አሁን ግን ማሽኑ የተሳሳተውን መዝገብ አምኖ የሰው ቤት ያጨልማል።

ችግሩ የአነስተኛ ኩባንያዎች ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክም አለ። በርሊን ላይ የተመሠረተው ሞቢሶል በታንዛኒያ፣ በሩዋንዳና በኬንያ የቤት ሶላር በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ የርቀት መቆጣጠሪያ ቴክኖሎጂውም የራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ኤንጂ ገዛው። ለውድቀቱ ከአንድ በላይ ምክንያት ይሰጣል፤ ግን ጥሩ ሶፍትዌር ያለው ድርጅት ብድር የመሰብሰብን አድካሚ ሥራ እንደማያመልጥ ያሳያል። ያን ያህል ባለሀብት ከጀርባው ያለው ድርጅት ካልቻለ፣ ባለ ሃያ ሠራተኛው ኩባንያ በፈቃድ ክፍያ ብቻ ይቋቋማል ብሎ መገመት የዋህነት ነው።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

ከውጭ የሚገዙት መድረኮች የተሠሩት ለሌላ ማኅበረሰብ ነው። የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ ኢትዮጵያዊው የቤተሰብ ስም የለውም፣ የአባት ስም እንጂ። «ኃይሉ» በግእዝ ፊደል እንኳ «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ እንደ ጸሐፊው ልማድ የበለጠ ይባዛል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት መዝገብ ይከፈትለታል፤ ክፍያው በአንዱ ይገባል፣ ቁልፉ በሌላው ይወሰናል። ስልኩን ከወንድሙ ጋር የሚጋራ፣ ወይም በጎረቤቱ ስልክ የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ ለሲስተሙ እንግዳ ሰው ነው።

ቀኑም እንዲሁ። የመክፈያ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ወር ሲተከል፣ ደንበኛው በሚያውቀው አቆጣጠር ከወር ወር እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ጳጉሜንን የሚያውቅ ሶፍትዌር ደግሞ ጥቂት ነው። በገጠር ቀኑ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ በማሽኑ ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ሰርቨሩ በግሪኒች ሰዓት ከተተወ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። «ዛሬ ከፍያለሁ» የሚል ደንበኛና «ትናንት አልከፈለም» የሚል ማሽን ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ለማስተካከልም ቀላል ናቸው። የሚስተካከሉት ግን ከደንበኛው ጋር በየቀኑ የሚነጋገረው ሠራተኛ ያየውን ጉድለት ለአለቃው፣ አለቃውም ለውጭው ሶፍትዌር አቅራቢ የሚያደርስበት ልማድ ሲኖር ነው። የጥሪ ማእከሏ ሠራተኛ በቀን ሃያ ጊዜ አንድ ዓይነት አቤቱታ ሰምታ «ለማን ልናገር?» የምትል ከሆነ ጉድለቱ ለዓመታት ይኖራል።

የዱቤ መዝገብ ያለው ጥበብ

የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር አለው። ማን መቼ እንደሚከፍል ያውቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ገበሬውን አያስጨንቅም፣ በጥር ግን በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል። እህሉ የሚሰበሰበው ከኅዳር ጀምሮ መሆኑን ማንም አልነገረውም። የታመመ ካለ ይታገሣል፤ የሚያጭበረብር ካለ ደግሞ ከማንም በፊት ይለየዋል።

ክረምት ለቤት ሶላር ደንበኛ ድርብ ፈተና ነው፤ ገንዘብ በሚጠፋበት ወቅት ደመናው የፓኔሉን ኃይል ይቀንሰዋል። ደንበኛው በግማሽ ለሚሠራ ዕቃ ሙሉ ዋጋ እንዲከፍል ይጠየቃል። ባለሱቁ ቢሆን ይህን ያገናዝብ ነበር። ሶፍትዌሩም ቢሆን ከታዘዘ ይችላል፤ የመክፈያ ጊዜን በምርት ወቅት ልክ ማስተካከል የተወሳሰበ ምሕንድስና አይጠይቅም። የሚጠይቀው ውሳኔ ነው፤ ወኪሉ ወይም የቅርንጫፍ ኃላፊው፣ ባለቤቱን በስልክ ሳይለምን፣ ለተወሰኑ ቀናት «ይከፈት» ማለት ይችላል የሚል የጽሑፍ ውሳኔ። በብዙ አነስተኛ ድርጅት ይህ ሥልጣን በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሰውየው በጉዞ ላይ ከሆነ፣ ወይም ስልኩ ከተዘጋ፣ ደንበኛው ይጠብቃል። ባለቤቱ ሥልጣን ማካፈልን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወኪል ለዘመዱ በነፃ እንዳይከፍት ይሰጋል። ለዚህ ግን ዲጂታሉ ራሱ መፍትሔ አለው፦ ማን፣ መቼ፣ ለማን፣ በምን ምክንያት እንደከፈተ ይመዘገባል። ሥልጣኑን አካፍሎ መዝገቡን መመርመር ይቻላል።

ይህ ነገር የሞትና የሽረት ያህል የሚከብድበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደንበኛው ገንዘብ እያለው መክፈል አይችልም፤ ስልክ የሚሞላበት፣ ልጁ የሚያነብበት፣ ሌሊት በር ላይ የሚያበራው ያው ሣጥን ነው። «ኔትወርክ ከተቋረጠ ለአካባቢው ሁሉ የዚህን ያህል ቀን ክፍት ይሁን» የሚል መመሪያ አስቀድሞ የጻፈ ኩባንያ በአንድ ትእዛዝ ይወጣዋል፤ ኮዱን በወኪል እጅ ወይም ግንኙነቱ ከመቋረጡ በፊት በጅምላ የሚያድልበት መንገድም አለ። ያልጻፈው ግን ማን ይወስን በሚል ሲጠባበቅ ቤቶቹ አንድ በአንድ ይጨልማሉ።

ዶላሩና መረጃው

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የፓኔልና የባትሪ ዋጋ መናሩን ሁሉም አውርቶታል። ብዙ ያልተወራለት፣ በየወሩ በየደንበኛው ሒሳብ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው የሶፍትዌር ኪራይ ነው። ደንበኛው ውል የገባው በብር ነው፤ የሚከፍለውም ያንኑ ብር ነው። ኩባንያው ኪራዩን መክፈል ካቃተው፣ ወይም የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ከዘገየበት፣ ኮድ የሚያመነጨው ሰርቨር ከእጁ ሊወጣ ይችላል። ኩባንያው ጨርሶ ቢዘጋ ደግሞ የከፋ ነው፤ ከዋጋው አብዛኛውን የከፈለ ቤተሰብ፣ ሌላው ቀርቶ ጨርሶ ከፍሎ የመጨረሻ ኮዱን ያልተቀበለ ቤተሰብ፣ የማትበራ ሣጥን ታቅፎ ይቀራል።

መረጃውስ? አንድ አነስተኛ ሶላር ኩባንያ የደንበኛውን መታወቂያ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ የክፍያ ታሪክና የቤቱን ትክክለኛ መገኛ በካርታ ላይ ይዟል። ግጭት ባለበት አካባቢ ይህ ተራ የንግድ መረጃ አይደለም። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ግን ባለፈው ዓመት የለቀቀው ወኪል የይለፍ ቃል ዛሬም እንደሚሠራ አያውቅም። በአንድ የይለፍ ቃል አምስት ሰው የሚገባበት ቢሮ «ማን ከፈተው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «ሲስተሙን የሚያውቀው ልጅ» የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ የአስተዳዳሪውን ቁልፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ልጁ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ አስረክብ ያለው ስለሌለ ነው።

ከዋሽንግተንና ከብራስልስ የሚጠበቀው

የአሜሪካ መንግሥት በፓወር አፍሪካ በኩል ከ2013 ጀምሮ፣ በ2016 ከጸደቀው ኤሌክትሪፋይ አፍሪካ አክት ወዲህም በሕግ ተደግፎ፣ በዘርፉ ቆይቷል። በ2025 መጀመሪያ የዩኤስኤአይዲ መፍረስ ይህን ሥራ ይዞት ሄደ። ሕጉ አልተሻረም፤ የሚያስፈጽመው እጅ ነው የታጠፈው። ብዙ አክቲቪስቶች ትኩረታቸውን ገንዘቡን በማስመለስ ላይ አድርገዋል፤ ተገቢ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ በድሮው መልክ ሶፍትዌርና ታብሌት የሚገዛ ከሆነ ከላይ የተገለጸው ሁሉ ይደገማል።

ዛሬ ዋናው በር የዓለም ባንክ ነው። ባንኩና የአፍሪካ ልማት ባንክ ሚሽን 300 በተባለው ውጥን እስከ 2030 ድረስ ለ300 ሚሊዮን አፍሪካውያን ኤሌክትሪክ ለማድረስ ቃል ገብተዋል። ለኢትዮጵያ የሚሄደው ገንዘብ የሚወጣው ለድሃ አገሮች ከሚያበድረው የባንኩ ክንድ፣ ከዓለም አቀፉ የልማት ማኅበር ነው፤ ይህ ክንድ ደግሞ በየሦስት ዓመቱ ከሀብታም አገሮች ፓርላማዎች በሚጸድቅ መዋጮ ይሞላል። በታኅሣሥ 2024 የተገለጸው 100 ቢሊዮን ዶላር ጥቅል የዚህ አካል ነው። ስለዚህ በኮንግረስ የበጀት ኮሚቴ ውስጥ የሚሠራ ረዳትም ሆነ በአንድ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ቢሮ ያለ አማካሪ፣ ሩቅ ከሚመስለው የገጠር ሣጥን ጋር የሚያገናኘው ክር አጭር ነው።

ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የቁጥሩ ዓይነት ነው። «ስንት ሣጥን ተሸጠ» የሚለው ሪፖርት ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚበራ አይናገርም። ኩባንያዎች በስህተት የቆለፉትን ደንበኛ ብዛትና ለመክፈት የፈጀባቸውን ሰዓት እንዲያሳውቁ ቢደረግ፣ ባለቤቱ ጠዋት ቢሮ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ በራሱ ይቀየራል። ለጋሽ የሚጠይቀውን ነገር አለቃ ይጠይቃል፤ አለቃ የሚጠይቀውን ደግሞ ወኪል ይመዘግባል። ቁጥሩን በደፈናው መጠየቅ ግን ውሸት ይጋብዛል፤ ስህተቱን ራሱ ያሳወቀ ኩባንያ ድጋፍ እንደማይነፈግ በግልጽ ሊጻፍለት ይገባል።

ቀጥሎ የገንዘቡ መስመር ነው። ለዲጂታል ሽግግር ከሚመደበው ድጋፍ ውስጥ ጉልህ ድርሻ ለሰው ደመወዝ መዋል አለበት፤ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ለሚቆይ የደንበኛ ጉዳይ ኃላፊና መዝገቦቹን ወደ አንድ ለሚያመጣ ሒሳብ ሠራተኛ። የወኪሉ ኮሚሽን ግማሽ ከሽያጩ፣ ግማሽ ከተሰበሰበው ክፍያ ጋር ይያያዝ። «ይህ የኩባንያው የውስጥ ጉዳይ ነው» የሚል መቃወሚያ ይነሳል፤ አነስተኛ ድርጅትን በቅድመ ሁኔታ ማጨናነቅ ያሽመደምደዋል የሚለውም ስጋት እውነት አለው። ነገር ግን የሕዝብ ገንዘብ የኩባንያውን ሰርቨር መርጦ እስከ መግዛት ከሄደ፣ ሰርቨሩን የሚያዘው ማን እንደሆነ መጠየቁ ድንበር ማለፍ አይደለም። በዘርፉ ማኅበር በጎግላ የተዘጋጀ የደንበኛ ጥበቃ ደንብ አለ፤ በፈቃደኝነት የሚተገበር ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለሚቀበል ግን ግዴታ ሊሆን ይችላል።

(የዲያስፖራው ባለሙያም እዚህ ላይ ድርሻ አለው፤ ሆኖም ሌላ አፕሊኬሽን መሥራት አይደለም። አፕሊኬሽን ሞልቷል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በስቶክሆልም የብድር ክትትል፣ የጥሪ ማእከል ወይም የውስጥ ኦዲት ሥራ ላይ የኖረች ሴት ለሦስት ወር አንድ ኩባንያ ውስጥ ብትቀመጥ ከአሥር ፕሮግራመር የበለጠ ትጠቅማለች።)

ከሁሉ አስቸኳዩ ግን የቁልፉ አደራ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፍ ማንኛውም የሶላር ሽያጭ ውል፣ የእያንዳንዱ ሣጥን የመጨረሻ መክፈቻ ኮድ ገለልተኛ በሆነ አደራ ጠባቂ ዘንድ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ይኑረው። ኩባንያው ቢዘጋ፣ የሶፍትዌር አቅራቢው ቢቋረጥ፣ ወይም ግንኙነት ከተወሰነ ጊዜ በላይ ቢጠፋ አደራ ጠባቂው ኮዱን ለደንበኛው ይልቀቅ፤ የቀረው ዕዳ ካለ በሌላ መንገድ ይጠየቅ። አደራ ጠባቂው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ወይም ሌላ አገር ውስጥ ያለ ተቋም ሊሆን ይችላል። ወጪው አነስተኛ ነው፤ አንድ የተመሰጠረ ፋይልና በየሦስት ወሩ የሚያድሰው ሰው ይበቃዋል። አንቀጹ መግባት ያለበት ደግሞ ዕቃው ከመሸጡና ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ኩባንያው ከተዘጋ በኋላ ኮዱን የሚያውቀውን ሰው ስልክ የሚያነሳ አይኖርም።